የሳሙናው ግድግዳ

ሕዝብ ሥነ ጥበብ አይወድም የሚል ሰው ካለ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ አዳራሹ በር ላይ መጥቶ ይመልከት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት የተገተረው ያ የሲሚንቶ ሕንፃ ሰማዩ ገና ማጉረምረም ሲጀምር ጢም ብሎ ይሞላል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ መሬት አፏን ከፍታ የዋጠችው ይመስል አንድ ነፍስ አይቀርበትም። በፀሐይ የሚገባ ሰው ከተገኘ ወይ መጸዳጃ ቤት ፈላጊ ነው፣ ወይ መንገድ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሁለቱም ደርሶበታል።

ይህን ሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ጋር ማስተዋወቅ የጋሼ ማብራሪያ ሙያና መከራ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ዘበኛው ከረሳው ቆይቷል፤ ዳይሬክተሯም ደብዳቤ ስትጽፍለት ትንሽ ታስባለች። በአስረጂነት ሲያገለግል የራሱ መሃል ሜዳ ሆኗል፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፤ ምላሱ ግን ገና ትናንት የተሳለ ነው። ድንጋይ ፊት ብታቆሙት ድንጋዩ ስለ ራሱ የማያውቀውን ይነግረዋል። አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ጎብኚዎቹን አስለቅሷል ይባላል፤ እሱ ራሱ ሲያወራው ደግሞ አልቃሾቹ እስከ መናኸሪያው ተሰልፈው ነበር።

ሙያውን ሲማር የተማረው አንድ ደንብ ነበር። ጎብኚውን ከሥራው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጣለህ። «ምን ይታያችኋል?» ብለህ ትጠይቃለህ። ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ፤ ዝምታው ሰውን እስኪያሳክከው ድረስ ትጠብቃለህ፤ ሰው ማየት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ማብራሪያ ማስቀመጡንም መጠየቁንም ያውቅበታል። ዝምታው ግን ከጎብኚው ሁሉ ቀድሞ የሚያሳክከው እሱን ነበር።

ታናሽ እህቱ አርቲስት ናት። ሁለቱም ሳያገቡ ሳይወልዱ እናታቸው በተወችላቸው ቤት አብረው ይኖራሉ፤ እሱ ሳሎኑን በወሬ ይሞላል፣ እሷ ጓዳውን በዕቃ ትሞላለች። ዘንድሮ ጓዳው የሞላው በሳሙና ነው። አዲስ ሳሙና እንዳይመስላችሁ። እጅ በልቶት በልቶት፣ ሳስቶ ሳስቶ፣ ሰው «ከእንግዲህስ አያረፋም» ብሎ የሚጥለውን ነው የሰበሰበችው። ከሆስፒታል፣ ከፀጉር ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከእስር ቤት፣ ከጎረቤት። ቤት ለቤት ስትለምን ያላንኳኳችው በር የመቃብር በር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የባለቤቱን መዳፍ ቅርጽ ይዟል፤ አንዱ በአውራ ጣት የተሰረጎደ፣ አንዱ እንደ ቅጠል የሳሳ፣ አንዱ የልጅ ጥፍር የጫረው። ሁሉንም በትልቅ የሽቦ መረብ ላይ አንድ በአንድ ሰክታ ግድግዳ አደረገቻቸው። ከጀርባው መብራት ሲበራ ግድግዳው ቆዳ ይመስላል፤ ደም የሚዞርበት፣ ሊተነፍስ የተቃረበ ቆዳ።

ሥራው ወደ አዳራሹ ሊሄድ ሲል እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳታቋርጠኝ።»

«መቼ አቋርጬሽ አውቃለሁ?»

«አሁን።»

አፉን በጉርሻ ሞላ።

«ይሄ የመጨረሻዬ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቆሞ ከልቡ ካየልኝ እቀጥላለሁ። ካልተገኘ ግን የአክስታችን ልጅ ለላውንደሪዋ ሠራተኛ ፈልጋለች፤ እገባለሁ። ሰልችቶኛል። ባዶ ክፍል ውስጥ መጣራት ሰልችቶኛል።»

«አንድ? አንድ ትላለች እንዴ ይቺ ልጅ! እህት ዓለም፣ ሕዝቡን እንደ አንበጣ ነው የማዘንብልሽ!»

«አንበጣ ምን ይሠራልኛል? ሰው አምጣልኝ።»

አንድ አመል አላት። ሥራዋ በሚታይበት ጊዜ አዳራሹ ደጃፍ አትደርስም። ሰው ሲያየው ካየች፣ የሚቀጥለውን ሥራ ለእጇ ሳይሆን ለተመልካቾቹ ፊት መሥራት እንደምትጀምር ታውቀዋለች። ስለዚህ የምትሰማው ከወንድሟ አፍ ብቻ ነው። ከዚያ አፍ!

መጀመሪያ አካባቢ ማንም አልመጣም። ዝናቡ እንኳ የተመካከረ ይመስል ጠፋ። ጋሼ ማብራሪያ አግዳሚ ወንበሩን ግድግዳው ፊት ደንቅሮ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ያያል። የሚያነጋግረው ዘበኛው ብቻ ነው።

«ስማ ማብራሪያ፣» ይለዋል ዘበኛው፣ «ይሄን ሁሉ ሳሙና እዚህ ሰቅላችሁ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ አንዲት ፍንካች የለችም። ሕዝቡ ምን ይበል?»

«ይሄ ሳሙና አይደለም። የእጅ ትዝታ ነው።»

«እሺ፣ እጄ ቆሽሾብኛል፤ በትዝታ ልታጠበው?»

በመጨረሻ አንዲት ሴት ገባች። መናኸሪያው በር ላይ ሎሚ የምትሸጥ ናት። ቅርጫቷን አጠገቧ አስቀመጠች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ማብራሪያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ምን ይታይዎታል?» ከማለቱ አንገቷ ወደ ደረቷ ወረደ። አዳራሹ እስኪዘጋ ተኛች። ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የተቀመጠችው፤ በሩ በኩል ያለው ነፋስ ደስ ብሏት።

ማታ እህቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«መጣ ሰው?»

«አንዲት ሴት መጣች።»

«ቆመች?»

«ተቀመጠች እንጂ!» ይህ እውነት ነው።

«ቆየች?»

«ኧረ በሩ እስኪዘጋ!» ይህም እውነት ነው።

«ታየው ነበር?»

እዚህ ጋ እውነት አለቀችበት። የእህቱን ፊት አየ። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

«ዓይኗን ሳትነቅል!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። በነጋታው ሁለት ወጣቶች እየተከራከሩ አዩት አላት። በማግስቱ አንዲት ነርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች አላት። ከሁሉ የላቁት ግን ሽማግሌው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «የነጋ ከተማ መስኮቶች ይመስላሉ፤ ሁሉም ተነሥቷል፣ ገና ማንም አልወጣም» ብለው ሄዱ አላት። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በዚያ አዳራሽ ታሪክ ረግጦ አያውቅም። ጋሼ ማብራሪያ ግን ሲፈጥራቸው ባርኔጣቸው ላይ ያለውን አቧራ ሳይቀር ነው የፈጠረው።

እህቱ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዛ ጓዳ ገባች። ጠዋት ሲነሣ ወለሉ ትላልቅ ወረቀት ለብሷል፤ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ በጉልበቷ ትሄዳለች።

«መስኮቶቹን ልሠራቸው ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሽማግሌው ያዩዋቸውን።»

ወንድሟ ነው፤ ደስታው አስፈነጠዘው። ደስታው ሲበርድ ግን አንድ ነገር ቆነጠጠው፤ አሁን በእርግጥ ሰው ማምጣት አለበት። ከሚመጣው ሁሉ አንዱ እንኳ ቢያይ፣ ውሸቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል። እንዲህ ነበር ያሰበው።

ስለዚህ ወጣ። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡስ በሚጠብቀው ሰልፍ መሃል፣ ክሊኒኩ በር ላይ ተራ በሚጠብቀው ሕዝብ መሃል፣ ገበያው ዳር ቆሞ አወራ። ስለ መብራትና ስለ መዳፍ ቅርጽ ሲያወራ ሰው ያዛጋል። ስለ ሎሚ ሻጯ ሲያወራ ግን ጆሮ ይቀሰራል። ወሬዋን መጀመሪያ በልኳ ተረከ፤ የደከማት ሴት ግድግዳው ፊት ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀጥሎ እንቅልፍ ካጣች ወር ሆኗት ነበር። ከዚያ ዓመት ሆናት። ክሊኒኩ ሰልፍ ጋ ሲደርስ ሐኪም ሁሉ እጁን ያጠበባት፣ ዓይኗ እንደ ፍም የቀላ፣ ሌሊቱን በጣሪያ ቆጠራ የምታነጋ ሴት ሆና፣ ግድግዳውን ባየች ቅጽበት እንደ ሕፃን ያሸለበች ሆነች።

«ነክታው ነው አይታው?» አለ አንድ ሰው ከሰልፉ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ጋሼ ማብራሪያ ሁለቱም አምልጠውታል።

«እንግዲህ… እጇ ሳያርፍበት አልቀረም» አለ።

አመጣቸው! በፀሐይ መጡ። ወረፋው በሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ መናኸሪያው ውስጥ ገባ፤ አውቶቡስ ጠባቂና ግድግዳ ጠባቂ ተቀላቅሎ ሾፌሮቹ ተሳፋሪ መለየት አቃታቸው። ዳይሬክተሯ ሁለት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከቢሮዋ ሮጣ ወጣች።

«ምን አድርገህ ነው? ስንት ዘመን ስብሰባ ስንቀመጥበት የኖርነውን! ሕዝብና ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ተገናኙ እኮ!»

«ትምህርት ነው» አለ ጋሼ ማብራሪያ፣ ደረቱን ነፍቶ። የዚያን ቀን ደረቱ በበሩ አይገባም ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ግን ባዶ ነበር። ማንም አልተቀመጠም። ወረፋው ይደርሳቸዋል፣ ግድግዳው ጋ ይጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መዳፋቸውን ይለጥፋሉ፣ ይሄዳሉ። «ምን ይታያችኋል?» ሲላቸው «እሺ እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉታል።

አንድ ቀን ዘበኛው ጠጋ አለው።

«ማብራሪያ፣ ግድግዳው እየከሳ ነው።»

«መብራቱ ነው፤ አንፖሉ ተቀይሮ።»

«መብራት ጥፍር የለውም፣ ወዳጄ።»

ቀርቦ አየ። ከታች በኩል፣ የሰው እጅ በሚደርስበት ሁሉ፣ ሽቦው ብቻውን ቀርቷል። እንደ ቅጠል የሳሳው የለም። በአውራ ጣት የተሰረጎደው የለም። ከግማሹ ላይ በጥፍር የተፋቀ ነጭ ዱቄት ወለሉ ላይ ረግፏል፤ አንዲት አሮጊት እሱንም በመሐረብ ጫፍ እየለቀሙ ነበር። ጋሼ ማብራሪያ ቢጮህ ዕድሉ ነበረው፤ ገመድ ቢያስር፣ በሩን ቢዘጋ። ግን በሩ ከተዘጋ እህቱ ለምን ትላለች። አግዳሚውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ ከተራቆተው የቻለውን ያህል ሸፈነበት።

ማታ ማታ የሚነግራት አላነሰም። ሰው እየቆመ ያያል፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ አንዱ አለቀሰ። እሷ ወረቀቶቿ መሃል ሆና ትሰማለች። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስከትላለች።

«ሽማግሌውስ?»

«መጡ እኮ ደግሞ!»

«ቤት አምጣልኝ። መስኮቶቹ ላይ አንድ የማላውቀው ነገር አለ፤ እሳቸውን ልጠይቃቸው።»

«አመጣቸዋለሁ።»

አንድ ጊዜ መንገድ ሄደዋል አለ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟቸዋል አለ። አንድ ጊዜ ሊገድላቸው አስቦ ነበር፤ አሳዘኑት።

በቅዳሜው ወረፋ መሃል አንዲት መልኳ የገረጣ ሴት ሽቦውን ትታ ወደ እሱ መጣች። ከተማው እንቅልፍ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ፊቷ ላይ ተጽፏል።

«አንተ ነህ አይደል የምታስረዳው?»

«ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ባለቤቴ አይተኛም። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ዓይኑን አልከደነም። ሌሊት ተነሥቶ በረንዳው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ፎቅ ነው የምንኖረው። ባለፈው ከጠርዙ ወሰድኩ፣ አጠብኩት፤ ምንም። ከመሃል ስጠኝ። እጄ አልደረሰልኝም።»

ጋሼ ማብራሪያ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለወረፋው ሁሉ ተናገረ።

«እናቴ፣ አይሠራም። ሰዎች! ስሙኝ! ይሄ ግድግዳ የሚያድነው ነገር የለም! ሴትየዋ ደክሟት ነው የተኛችው! እኔ ነኝ ያጋነንኩት!»

ወረፋው ዞሮ አየው። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«አያችሁ? ሊያልቅ ሲል ለዘመዶቹ ሊያስቀር!»

«ባለሥልጣን መጥቶ ሊወስደው ነው!»

«ትናንት የሚያድን ዛሬ ምን ነካው? ተመልሶ ታመመ?»

ሳቁ ሲነሣ ግፊያውም ተነሣ። አንዱ ግድግዳው ሥር የተገፋውን አግዳሚ ወንበር አስተካክሎ ላዩ ወጣ። ሲሠራ የኖረበት ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመ። የመሃሉ ይነቀል ጀመር። ባሏ እንቅልፍ ያጣባት ሴት ደርሷት በሁለት እጇ ይዛ ሮጠች፤ ጋሼ ማብራሪያ እሷን ከመጥራት በቀር ምንም አላደረገም። «ሐኪም ጋ ይውሰዱት! በረንዳውን ይቆልፉት!» እያለ ጮኸ። አልዞረችም።

ቀና ሲል እህቱ ወረፋው ውስጥ ቆማለች።

እንደማንኛውም ሰው ተራ ይዛ ነበር፤ ከፊቷ ያሉት እየተጋፉ ሲበተኑ ብቻዋን ቀረች። በእጇ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ሽማግሌውን ፍለጋ አመሏን ሰብራ መጥታለች። መረቡን ከላይ እስከ ታች አየችው። ላይኛው ጥግ፣ ወንበሩ ካላደረሳቸው ቦታ፣ ጥቂት ቁራጮች አሁንም ያበራሉ።

«ሽማግሌው የት አሉ?» አለችው።

«እህት ዓለም…»

«የትኛው ናቸው? አሳየኝ።»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ።

«የሉም» አለ ጋሼ ማብራሪያ።

«ነርሷስ? የሚከራከሩት ልጆችስ?»

«የሉም።»

«ያለቀሰው?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሷ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ባዶ ሽቦ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«የመጀመሪያዋስ? ሎሚ ሻጯ። እሷ ግን አለች አይደል?»

«አለች። እሷ በእውነት መጥታለች። ቀኑን ሙሉ ቆይታለች።»

«እና?»

ያን ጊዜ እንኳ አንዲት ትንሽ ውሸት ብትመጣለት በደስታ ይቀበላት ነበር። አልመጣችም።

«ጀርባዋን ሰጥታው ነበር» አለ።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። የተጠቀለለውን ወረቀት መሬቱ ላይ ረግጠውት እንዳይሄዱ ይመስል ግድግዳው ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠችና በበሩ ወጣች። የሚገባው ሕዝብ ሲጋፋት «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ነበር የወጣችው።

ቤት ሲደርስ ጓዳው ተጠርጓል። ልብሷንም ይዛ የአክስታቸው ልጅ ዘንድ ገብታለች።

ከሳምንት በኋላ ዳይሬክተሯ ጠራችው። መረቡ ሙሉ ለሙሉ ተራቁቷል፤ ሕዝቡ ግን መምጣቱን አላቆመም፣ አሁን ሽቦውን ነው የሚያሸው። የሌላ አገር አዳራሾች ሳይቀሩ ይህን ዘዴ ሊማሩ ደውለዋል አለችው። «እህትህ ሌላ ትሥራልን። ትልቅ! ሁለት ፎቅ የሚያክል! ሕዝቡ እየጠየቀ ነው፤ አንተ ካልነገርካት ማን ይነግራታል?»

ላውንደሪው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መስታወቱ በእንፋሎት ጭጋግ ለብሷል፤ ውስጡ ማሽኑ ሲዞር ወሬ አያሰማም። ጋሼ ማብራሪያ በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ሄደ። እህቱ ነጭ ሽርጥ አድርጋ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ሸሚዝ ታጥፋለች።

«ወረፋ ይያዙ እንጂ ጌታው!» አለ አንድ ብርድ ልብስ የተሸከመ ሰው። «እኛ ለጌጥ አይደለም የቆምነው!»

ከኋላ ሄዶ ቆመ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀውን ይቅርታ ሲደግመው ብርድ ልብሱ አለፈ፣ መጋረጃ አለፈ፣ ሙሉ ልብስ አለፈ። ተራው ደረሰ።

«ምን ይዘዋል?» አለች፤ ቀና ሳትል፣ ለሁሉም እንደምትለው።

የያዘው ነገር አልነበረም። ከኋላው ያሉት መጉረምረም ጀመሩ። ኮቱን አወለቀና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ያን ጊዜ ቀና አለች። ፊቱን አየችው፤ ረጋ ብላ አየችው፣ ሰው ሸሚዝ ላይ ያለ እድፍ ይለቅ እንደሆነ እንደሚያየው። ከዚያ እጇን ወደ ኮቱ ኪሶች አስገባች፤ እዚያ የሚሠራ ሁሉ ኪስ ሳይፈትሽ ወደ ማሽን አይጥልም። እስክሪብቶ አወጣች። የጉሮሮ ከረሜላ አወጣች። አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረችለት።

«እህት ዓለም፣ ልንገርሽ…»

«እድፍ የነካው ቦታ አለ?»

«የለም።»

«ሐሙስ ይደርሳል» አለች፤ የቁጥር ካርዱን አቀበለችውና ኮቱን ወደ ኋላ፣ የሌሎች ሰዎች ልብስ ክምር ላይ ወረወረችው። «የሚቀጥለው።»

በሸሚዙ ወደ መንገድ ወጣ። ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል፤ ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ ይሮጣል። አንዲት ሴት እየሮጠች ትከሻውን ገጨችውና «ጌታዬ፣ ያ የሚያስተኛው ግድግዳ በዚህ ነው?» አለችው። በእጁ አመለከታት።